38 ደረጃና 15 ዋት

የምኖርበት አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በራችን 38 ደረጃ አለ። ይህን ቁጥር ያወቅሁት ስፖርት ስሠራ አይደለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሠርግ ስመለስ፣ ጊታሬን በጀርባዬ አዝዬ፣ ሃያ ኪሎ የሚመዝን አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እጄ እያቀያየርኩ ስወጣ የቆጠርኩት ነው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ አርፋለሁ። አንድ ሌሊት እዚያው ቁና ቁና እየተነፈስኩ ቆሜ ሳለ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናት በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩኝና፣ "ምነው ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ቤት ትቀይራለህ እንዴ?" አሉኝ።

ሙዚቀኛ ነኝ ማለት ይከብደኛል። ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። በዓመት ስድስት ሰባት ጊዜ ግን ስልኬ ይጠራና "ቅዳሜ ሥራ አለ፣ ትመቻለህ?" እባላለሁ። ሠርግ ይሆናል፣ መልስ ይሆናል፣ ክርስትና፣ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት፣ አለዚያም አሌክሳንድሪያ ወይም ዲሲ ያለ ምግብ ቤት ዓርብ ማታ። ለእንዲህ ዓይነት አልፎ አልፎ ለሚመጣ ሥራ የትኛው ትንሽ ባለ ቲዩብ (አምፖል በሚመስል የመስታወት ቱቦ የሚሠራ) አምፕ ይበቃል የሚለውን ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሰሞኑን ሁለት ልጆች ስለጠየቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የድሮው አምፔ 40 ዋት ነበር። የማን ምርት እንደሆነ ይቅር። ስገዛው ትልቅ ሣጥን ትልቅ ድምፅ ይሰጣል ብዬ ነው። ይሰጣልም፤ ችግሩ የምከፍትበት ቦታ አለማግኘቴ ነው። የድምፁ ቁልፍ ከሁለት አልፎ አያውቅም። ከሁለት በታች ደግሞ አምፑ እንቅልፍ ላይ ነው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ሁለት ተኩል ሳደርሰው ድምፃዊቷ ዞር ብላ ታየኛለች። ዓይኗን ሳየው መልሼ እቀንሳለሁ። አሥር ዓመት እንዲህ ኖርን።

መጨረሻው የመጣው ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የሠርግ አዳራሽ ነው። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል፣ ሚዜዎቹ ተሰልፈዋል፣ ካሜራው በርቷል። መግቢያው የሚጀምረው በጊታር ነው፣ ለብቻዬ። የመጀመሪያዋን ክር ስነካ ከኋላዬ "ጠሽ" የሚል ነገር ሰማሁ፣ ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ፣ ከዚያ ጭጭ። ኪቦርድ የሚጫወቱት ጋሼ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይነበብ የእኔን መስመር በብራስ ድምፅ ተቀብለው ሄዱ። እኔ ጎንበስ ብዬ ገመዱን ነቀልኩና ቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰካሁ። ቀሪውን አራት ሰዓት ጊታሬ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ንብ ሲጮህ አመሸ። ከሦስት መቶ ተጋባዥ አንድም ልብ ያለ የለም። ዕቃ ስናነሳ ጋሼ አጠገቤ መጥተው፣ "ስማ፣ ይህን የሬሳ ሣጥን እስከ መቼ ነው የምትሸከመው?" አሉኝ።

ቴክኒሻኑ ከፍቶ አሳየኝ። ከሁለቱ የኃይል ቲዩቦች አንዱ ውስጡ ሾርት አድርጎ ፊውዙን በልቷል፣ አንዲት ሬዚስተርም አቃጥሏል። የኃይል ቲዩብ እንደ መኪና ጎማ ነው፣ ያልቃል። እኔ ደግሞ ከስድስት ዓመት በላይ ሳልቀይረው ቆይቻለሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሠርቼ ሸጥኩት። የገዛው ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ እየሮጠ ወረደ።

"ታዲያ ለምን የግድ ባለ ቲዩብ?" አለችኝ ልጄ፣ መኪና ውስጥ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እውነተኛው መልስ ትንሽ ያሳፍራል። በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ ሪትም ጊታር እጫወት ነበር። አምፑ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ፊቱ ላይ ያለው ጨርቅ ተቀዷል፣ አንዱ እግሩ የለም። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ሳይሞቅ እንድንነካው አይፈቅዱም። "ምጣድ ሳይግል ይጋገራል እንዴ?" ይሉናል። ከኋላ አጎንብሰን እነዚያ አምፖል መሳዮች ቀስ በቀስ ፍም ሲመስሉ እናያለን። የሞቀ አቧራ ሽታ አለው። ያንን ሽታ ዛሬም አምፕ ሳበራ እፈልገዋለሁ። እንግዲህ ልጄ ይህን ሰምታ "ስለዚህ ለሽታው ነው" አለች። ከሞላ ጎደል።

ከሽታው ውጭ ያለው ምክንያት ጣት ላይ የሚሰማ ነገር ነው። በዘመኑ አምፖች ቲዩቡን የተካው ትራንዚስተር አቅሙ ሲያልቅ የድምፁን ማዕበል አናቱን በመቀስ እንደቆረጡት ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል። ቲዩብ ግን ቀስ እያለ ነው የሚጨናነቀው፤ ክሩን ለስለስ አድርገህ ስትነካው ንጹሕ ይሆናል፣ ጠንከር ስታደርግ ትንሽ ይወፍራል፣ ይሞላል። ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክለው ክፍል ራሱ ቲዩብ ከሆነ ደግሞ፣ በኃይል ስትመታው ቮልቴጁ ለአፍታ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ድምፁ የተነፈሰ ያህል ይሰማሃል። ትዝታ ለሚጫወት ሰው ይህች ትንፋሽ ትልቅ ነገር ናት።

እዚህ ላይ ግን ምክር የሚሰጡኝ ሰዎች ሁሉ የተሳሳቱበት ነገር አለ። ተሳሳቱ ከምል ስለ ሌላ ሙዚቃ ነበር የሚያወሩት ብል ይሻላል። ትንሽ አምፕ የሚወደው ጊታሪስት በአብዛኛው ብሉዝና ሮክ የሚጫወት ነው። እሱ የሚፈልገው የአምፑ ድምፅ ቶሎ እንዲሰበርለት፣ እንዲሻክርለት ነው። 5 ዋት ይበቃዋል፣ እንዲያውም ይበዛበታል። እኔ የምፈልገው ደግሞ የዚያ ተቃራኒ ነው፤ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ብዙ ንጹሕ ድምፅ።

ለምን? አንቺሆዬን ውሰዱ። ከሲ ብንጀምረው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያያቸው ጥንዶች ሁለት ቦታ አሉበት። አምፕ ሲሻክር ሁለት ድምፆች አብረው ከገቡበት የእነሱን ድምርና ልዩነት ፈጥሮ ጨምሮበት ያወጣል። ሮከሮች የሚወዱት ሲና ጂ አብረው ሲመቱ ይህ ጭማሪ ስለሚስማማ ግዙፍ ሆኖ ይሰማል። ሲና ዲ ፍላት አንድ ላይ ከገቡ ግን የተቃጠለ ሽሮ ነው። ድምፃዊቷ የምታዜመውን በአንድ ክር እየተከተልኩ ከበፊቱ ክር ትንሽ ድምፅ ሳይጠፋ ከቆየ ወዲያው ይቦካል። ችክችካም ላይ እንደዚያው ነው፤ ቶሎ ቶሎ የምትቆረጠው ኮርድ ጠርዟ ጥርት ካላለ ከድራሙ ሃይ ሃት ጋር ተደባልቃ ጩኸት ብቻ ትሆናለች። እነ ሰላም ስዩም በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወቱትን የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። ጊታሩ ይናገራል፤ እያንዳንዷ ፊደል ትሰማለች።

ትዝታ ላይ ብቻ ነው ትንሽ መሻከር የምወደው፣ ያውም ቀስ ባለው ላይ።

እንግዲህ ንጹሕ ድምፅ ከፈለግህ ዋት ጨምር ይሉሃል። እኔም እንዲያ አስብ ነበር። ነገሩ ግን ዋት የሚያታልል መለኪያ መሆኑ ነው። ዋቱን በእጥፍ ብታሳድገው የሚጨምረው ሦስት ዲሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ ልብ ካለ የሚለየው ያህል። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ አሥር ዲሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ የ15 እና የ30 ዋት ልዩነት ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ይልቅ ስፒከሩን እዩ። እያንዳንዱ ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዲሲቤል እንደሚሰጥ ተጽፎለታል። 97 የሚሰጠውን አውጥተህ 100 የሚሰጠውን ብትገጥም ዋቱን በእጥፍ እንዳሳደግህ ነው፣ ያውም የተሸካሚው ወገብ ሳይነካ። ይህን ነገር ከአሥር ዓመት በፊት የነገረኝ ሰው ቢኖር ጀርባዬን ባዳነልኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አምፕ ስሞክር ቆየሁ።

ቮክስ ኤሲ 15ን የሞከርኩት ዲሲ ውስጥ ከሚጫወት የጃዝ ልጅ ቤት ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጡት ንድፍ ነው፤ ሁለት ኢኤል 84 የሚባሉ ጠባብ የኃይል ቲዩቦች አሉት። ከፍ ያለው ድምፁ ይደውላል፣ እንደ ቃጭል። ከክራር ጋር የሚነጋገር አምፕ ቢኖር ይህ ነው። ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ተጫወትኩ፣ የልጁ ሚስት ቡና አፍልታ እስከ በረካ ጠጣሁ። ስነሳ ላንሳው ብዬ እጄን ሰደድኩ። ባለ 12 ኢንች ስፒከሩ አምፕ 22 ኪሎ ገደማ ነው። ከሸጥኩት ሊከብድ ነው ማለት ነው። መልሼ አስቀመጥኩት፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ።

ፌንደር ብሉዝ ጁኒየርን ተውሼ አንድ ክርስትና ላይ ተጫወትኩበት። እዚህ አካባቢ ካለው ጊታሪስት ስንቱ እንዳለው እግዜር ይወቅ፤ 15 ዋት፣ 12 ኢንች፣ ከ14 ኪሎ ብዙ አይበልጥም። እሱም በሁለት ኢኤል 84 ነው የሚሠራው። መሸከሙ ደስ ይላል። እስከ እራት ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። እስክስታው ሲጀመርና ድራመራችን ኮቱን ሲያወልቅ ግን (ኮቱን ካወለቀ አለቀ) ከፍ ላደርገው ስል መሻከር ጀመረ። አምፑ ምንም አላጠፋም። ስሙ ላይ ብሉዝ ተብሎ ተጽፎለታል፤ እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ለእኔ ሙዚቃ ግን ከሚያስፈልገኝ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የሚዘፍነው።

ዴሉክስ ሪቨርብ፣ ያው ፌንደር፣ 22 ዋት። ይህን ብዙ መድረክ ላይ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀን ሳላውቀው አሥር ጊዜ ተጫውቼበታለሁ። ጉልበት ቢኖረኝ ፍለጋው እዚህ ያበቃ ነበር። 19 ኪሎ ነው። ከብሉዝ ጁኒየሩ በአምስት ኪሎ ገደማ ይከብዳል። አምስት ኪሎ ምን ያህል ልዩነት ነው የሚል ሰው 38 ደረጃ መጥቶ ይሞክር።

ባለ 5 ዋቶቹን ትንንሾች አልዘረዝርም። ለቤት ናቸው። ድራም ባለበት ቦታ ንጹሕ ሆነው አይሰሙም።

አንድ ፈተናም ነበር። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ2019 የዴሉክስ ሪቨርብን መልክና ድምፅ በዲጂታል አስመስሎ ቶን ማስተር ብሎ አወጣ። ቲዩብ የለውም፤ ክብደቱ አሥር ኪሎ ግድም ነው። ድምፁን ለቤት የሚቀንስ ማብሪያ ሁሉ ከኋላው አለው። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሰማችው፣ ከዚያ ቲዩቡን ሰማችው። "ልዩነቱ ምንድን ነው?" አለችኝ። ሳስረዳት በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ "ታዲያ ቀላሉን ለምን አትገዛም?" አለች። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

የገዛሁት ፕሪንስተን ሪቨርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ንድፍ እንደገና የተሠራበት፣ 15 ዋት፣ ባለ 10 ኢንች፣ 15 ኪሎ ተኩል ገደማ። የኃይል ቲዩቦቹ ሁለት 6 ቪ 6 ናቸው፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክለውም ቲዩብ ነው፣ ያቺ ትንፋሽ አለችበት። ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ላይ የሬዲዮ መጠገኛ የከፈተ ሰው ነው። ይህ ነገር አምፑን ስታየው ይታወቃል። ፊቱ ላይ ያለው ቁልፍ ጥቂት ነው፣ እንደ ሬዲዮ። ድምፅ፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ሪቨርብ (እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባው)፣ ከዚያ ትሬሞሎውን የሚያፈጥንና የሚያጎላ ሁለት ቁልፍ። ፌንደር ይህን "ቫይብራቶ" ሲለው ነው የኖረው፤ የሚወዛወዘው ግን ቃናው ሳይሆን ድምፁ ነው፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ባቲ ላይ ቀስ አድርጌ ስከፍተው ጋሼ ከኪቦርዳቸው ቀና ብለው ፈገግ ይላሉ። "ይሄ የድሮ ነው" ይላሉ፤ የድሮ ማለት እሳቸው ዘንድ ትልቁ ሙገሳ ነው።

የሸጠልኝ ሜሪላንድ ገጠር የሚኖር ጡረተኛ አሜሪካዊ ነው። 850 ዶላር። አንድ ሠርግ 200 ዶላር ያህል ይደርሰኛልና አራት ሠርግና የአንድ ምግብ ቤት ማታ ማለት ነው። ያገለገለ ለመግዛት ለምትሄዱ፣ የራሳችሁን ጊታር ይዛችሁ ሂዱ። የሻጩ ጊታር ሁልጊዜ ከናንተው የተሻለ ነው፤ አምፑን ሳይሆን ጊታሩን ወድዳችሁ ትመለሳላችሁ። አብርታችሁ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ቆዩ፤ አንዳንዱ ጉድለት የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ቲዩቦቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ፤ አንዱ በስፒከሩ በኩል እንደ ደወል ከጮኸ ደክሟል። ሁሉንም ቁልፍ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፣ የሚንኮሻኮሽ ካለ አቧራ ነው፣ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ አይደለም። ስፒከሩ ተነቅሎ ከሆነ ፈጽሞ አታብሩት፤ ባለ ቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ከሠራ የውጤት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል፣ ውዱ ዕቃ ደግሞ እሱ ነው። ውስጡን መክፈት ለሚያምራችሁም አንድ ቃል፣ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተሮቹ ሦስት መቶና አራት መቶ ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የቀበሌው ሰውዬ እጃችንን በዱላ የሚመቱን ለካ ወድደውን ነው።

ቤት እንደገባ ስፒከሩን ቀየርኩት፤ ኤሚኔንስ የሚባለው የኬንታኪ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ዲሲቤሉ ከነበረው ከፍ ያለ ባለ 10 ኢንች። ያለኝን ንጹሕ ድምፅ ከፍ አደረገልኝ። ነባሩን በካርቶን አስቀምጬዋለሁ። ለቤት የዋናው ድምፅ ይጣፍጣል፤ ለሥራ አዲሱ።

የመጀመሪያው ሥራ ምግብ ቤት ነበር። መድረኩ ማለት ጥግ ላይ አራት ጠረጴዛ አንስተው ያስለቀቁልን ቦታ ነው። በግራዬ የቡናው ረከቦት፣ በቀኜ የመጠጥ ፍሪጅ። እንደበራ አምፑ "ዥዥዥ" አለ። ሦስት ነገር ነበር የሚያስጮኸው፤ ፍሪጁ፣ የመብራት ማደብዘዣው፣ እና የእኔው ባለ ነጠላ ጥቅል ጊታር (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ማግኔት አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ያለው)። ማደብዘዣውን እስከ ጥግ ከፈቱልኝ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ ራሴን ሩብ ዙር ያህል ሳዞር ቀሪው ጠፋ። ሰው ጀርባህን ለምን ሰጠኸን ሲለኝ አመሸ።

አምፑን መሬት ላይ አላስቀምጠውም፣ ወንበር ላይ ነው። መሬት ላይ ሲሆን የሚሰማው ቁርጭምጭሚቴ ነው፤ ጆሮዬ ስላልሰማ እጨምራለሁ፣ ፊት ለፊት ያለው ደንበኛ ደግሞ ክትፎው ላይ ይቀበለዋል። ወንበር ላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ጆሮዬን ካየኝ ሦስት ላይ ይበቃኛል። ድራመራችን በብሩሽ ስለተጫወተ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነበር።

ሠርግ ላይ ያለው ሌላ ነው። ድራመሩ ኮቱን ያወልቃል፣ ኪቦርዱ በትልልቅ ስፒከሮች ይወጣል፣ ዲጄው መሀል ላይ ይገባል። እዚያ 15 ዋት ከማንም ጋር አይታገልም፣ መታገልም የለበትም። ለዚህ ነው ያ የቨርጂኒያው ሠርግ ዘግይቶ የገባኝ። ሦስት መቶ ሰው የሰማው በሚክሰሩ በኩል የወጣውን እንጂ ከኋላዬ ያለውን ሣጥን አልነበረም፤ 40 ዋቱ ሲሞት ማንም ያላወቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ አሁን አንድ ኤስኤም 57 ማይክ አምፑ ፊት፣ ከስፒከሩ መሀል ትንሽ ወደ ጎን አድርጌ አቆማለሁ። አዳራሹን ሳውንድማኑ ይሙላው። አምፑ የሚሞላው በእኔና በእሱ መካከል ያለችውን ሁለት ሜትር ነው።

ሳውንድማኑ ማይክ አልሰጥም ካለስ? ብሎኝ ነበር ከሁለቱ ልጆች አንዱ። የራስህን ይዘህ ሂድ፣ ገመዱንም ጭምር። ማይክ አያበድርህ ይሆናል እንጂ፣ የራስህን ከያዝክ ሚክሰሩ ላይ ቀዳዳ አይነፍግህም።

ሪቨርቡ በእውነተኛ ስፕሪንግ የሚሠራ ስለሆነ አንድ ጉድ አለው። አንድ መልስ ላይ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ እየሮጠ መጥቶ ወንበሩን ገጨው። ስፕሪንጎቹ ተናወጡና አዳራሹ ውስጥ መብረቅ የወደቀ መሰለ። የሙሽራዋ አያት አማተቡ። ልጁ ግን ነገሩ ገብቶታል፤ ወላጆቹ እስኪይዙት ሦስት ጊዜ ተመልሶ መጣ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ይህን ሁሉ በስልክ ሲከታተል ቆይቶ "ለእኔም አንድ ይዘህልኝ ና" አለኝ። እሱም አልፎ አልፎ ይጫወታል። አይሆንም አልኩት። የእኔው ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚያ 220 ነው። መቀነሻ ትራንስፎርመር ይገዛል፣ ያ ደግሞ ለብቻው ሌላ ሸክም ነው። ድግግሞሹም ከ60 ወደ 50 ኸርዝ ስለሚወርድ ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ይበልጥ ይሞቃል። ከዚህ ሁሉ ለአውሮፓ ተብሎ በ230 ቮልት የተሠራውን ቢፈልግ ይሻለዋል። ትርፍ ቲዩብም ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ቲዩብ መላክ ስታቆም ዋጋው እንዴት እንደዘለለ አይቻለሁ፤ ዛሬ የምገዛው ከስሎቫኪያ፣ ቻድጻ ከሚባል ከተማ የሚመጣውን ነው። ሁለት 6 ቪ 6 ሁልጊዜ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ጊታር ቦርሳዬ ውስጥ አኖራለሁ።

ወንድሜ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ የአባታችን ሬዲዮ ቁም ሣጥን ላይ እንዳለ ነገረኝ። "እሱም እኮ ውስጡ እነዚህ አምፖሎች አሉት" አለ።

"እንዳትከፍተው" አልኩት።

"ከፍቼዋለሁ እኮ። ትናንት ሰክቼም ሞክሬው ነበር።"

"ሞቀ?"

"ሞቀ። ግን ሽታው ጥሩ አይደለም።"